መደብሩ ሲዘጋ ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሥራህ ጋር የሚያያዝ፣ ግን ሰው የማያስተኛ ነገር ተናገር» ብለውኛል። ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ሰጥተው እንዲህ ማለታቸው ትንሽ ፍርደ ገምድልነት አለበት። ቢሆንም እሞክራለሁ። የመረጥኩት ርዕስ የልብስ መደብሮች መዘጋት ነው። «ይሄ የእኛ ጉዳይ ነው ወይ?» የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ። ነገሩ አሜሪካ ውስጥ በሚገኝ የገበያ አዳራሽ ይጀምርና ሐዋሳ ይደርሳል፤ ከሐዋሳም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ወዳለነው ሰዎች ይመጣል።

ከቁጥር ልጀምር። የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020፣ የአሜሪካ የልብስና የአልባሳት መደብሮች በአንድ ወር ብቻ 740 ሺህ ሠራተኞች ቀነሱ። ይህን ያወጣው የአገሪቱ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ ነው። ከዘርፉ ሠራተኛ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። በዚያው ወር የልብስ መደብሮች ሽያጭ ካለፈው ወር በ78.8 በመቶ ወደቀ፤ ያለፈው ወር ራሱ በግማሽ የወረደ ነበር። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ከረባት አይገዛም፤ ሠርግና ምረቃ ሲቀር ሙሉ ልብስ ማን ይፈልጋል?

ከዚያ መደብሮቹ ተራ በተራ የኪሳራ ፍርድ ቤት በር አንኳኩ። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ጄ ክሩ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ኒማን ማርከስ፣ በወሩ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በ1902 የተመሠረተውና 85 ሺህ ያህል ሠራተኛ የነበረው ጄሲ ፔኒ። በሐምሌ ብሩክስ ብራዘርስ። በነሐሴ ሎርድ ኤንድ ቴይለር፤ እሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1826 ጀምሮ የነበረ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ገና ልጅ ሳሉ ማለት ነው። እንግሊዝ አገር ከ1778 ጀምሮ የቆየው ዴበንሃምስ የመጨረሻዎቹን መደብሮቹን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ዘጋ። ቶፕሾፕን የያዘው አርኬዲያ የተባለው ኩባንያ ሲወድቅ 13 ሺህ ሰው የሥራ ዋስትናውን አጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናጥራ። ከተቀነሱት መካከል ብዙዎቹ መደብሮች ሲከፈቱ ተመልሰዋል። የማይመለሰው መደብሩ ለዘለቄታው የተዘጋበት ሠራተኛ ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለ እሱ ነው።

ቫይረሱ ብቻውን አልገደላቸውም

«ኮሮና ገደላቸው» ማለት ይቀናል። ኢኮኖሚክስ ያስተማሩን መምህራን ግን «ምክንያቱንና ሰበቡን ለይ» ይሉን ነበር። ኮሮና ሰበብ ነው። ምክንያቱ ቀድሞ የተከማቸ ዕዳ ነው።

ጄ ክሩን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዙት። ኒማን ማርከስም በ2013 በተመሳሳይ መንገድ በ6 ቢሊዮን ዶላር ተገዛ። አገዛዙ እንዲህ ነው፦ ገዥው ከራሱ ኪስ ጥቂት ያወጣል፤ የቀረውን ይበደራል፤ ብድሩ ግን የሚመዘገበው በተገዛው መደብር ስም ነው። አንድ ሰው በሬ ገዝቶ የበሬውን ዋጋ በሬው ራሱ አርሶ እንዲከፍል ቢያደርግ ማለት ነው። ዝናብ እስካለ ድረስ በሬው ያርሳል። ድርቅ ሲመጣ ግን መኖም የለም፣ ዕዳውም አይቆምም።

በዚያ ላይ ሌሎች ጫናዎች ነበሩ። የገበያ አዳራሽ ኪራይ ውሉ ረጅም ስለሆነ ሽያጭ ወረደ ተብሎ አይወርድም። ገዢው ወደ ኢንተርኔት መሸጫ እየሄደ ነበር። ልብስ ደግሞ ወቅት አለው፤ በጸደይ ያልተሸጠ የጸደይ ልብስ በበጋ ግማሽ ዋጋ አያወጣም። ቆርቆሮ ወይም ስኳር ቢሆን መጋዘን ውስጥ ይቆይ ነበር። ልብስ ግን ከቲማቲም ትንሽ ይሻላል እንጂ ያው የሚበላሽ ዕቃ ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ትልቅ የልብስ መደብር የሂሳብ ክፍል እሠራ ነበር። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ዛሬ የለም። መዝጊያውን የመሩት የማጣሪያ ሽያጭ ኩባንያ ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ ትልልቅ ቢጫ ማስታወቂያ ይሰቅላሉ፦ «ሁሉም ይሸጣል!» ቅናሹ ከ20 እና ከ30 በመቶ ይጀምራል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ቅናሹ የሚታሰበው ከመጀመሪያው የመለያ ዋጋ ላይ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ ባለፈው ሳምንት በ40 ዶላር ይሸጥ የነበረ ሸሚዝ «በቅናሽ» 48 ዶላር ሊሆን ይችላል። የተገዛ አይመለስም። የስጦታ ካርድ ከተወሰነ ቀን በኋላ አይሠራም። በመጨረሻው ሳምንት መደርደሪያው፣ መስተዋቱ፣ ልብስ የሚለብሱት አሻንጉሊቶች ሳይቀሩ ይሸጣሉ። ሻጮቹ፣ ከእነሱም ውስጥ ብዙ የአገራችን ሴቶች ነበሩ፣ የሚሠሩበትን ቦታ በየቀኑ እያፈረሱ ይሸጡ ነበር። አንዲት እናታችን ከ20 ዓመት በላይ የሠሩበትን የገንዘብ መቀበያ ጠረጴዛ ዋጋ ለጥፈውበት ሲመለከቱ «እኔንስ በስንት በመቶ ቅናሽ ነው የምታወጡኝ?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። መልስ ግን አልነበረንም።

ወረፋው

መልሱ ያለው ሕጉ ውስጥ ነው። ኪሳራ ማለት ወረፋ ነው። የተረፈው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ጠያቂው ብዙ ነው፤ ሕጉ ማን ቀድሞ እንደሚቆም ይወስናል። በአሜሪካ ሕግ ፊት የሚቆሙት መያዣ ያላቸው አበዳሪዎች ናቸው። ሕንፃው፣ ዕቃው፣ የንግድ ስሙ ሳይቀር መያዣ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ፍርድ ቤቱና ጠበቆቹ የሚያስወጡት ወጪ ይከተላል። የሠራተኛ ያልተከፈለ ደሞዝ ቅድሚያ አለው፤ ግን በ2020 ጣሪያው 13,650 ዶላር ነበር፣ ያውም ኩባንያው ለፍርድ ቤት ከማመልከቱ በፊት በነበሩት 180 ቀናት ለተሠራ ሥራ። ዕቃ አቅርቦ ክፍያ የሚጠብቅ ፋብሪካ ደግሞ በአብዛኛው ከወረፋው ጭራ ነው።

ስሙ ግን ይተርፋል። ብሩክስ ብራዘርስ በ325 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የዴበንሃምስን ስም አንድ የኢንተርኔት ነጋዴ በ55 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ፤ መደብሮቹንና ሠራተኞቹን ግን አልፈለጋቸውም። እንግዲህ ከ240 ዓመት በላይ ያንን ስም ያስከበሩት ሻጮች ስሙ ሲሸጥ በሽያጩ ውስጥ የሉም። ስሙ ይሸጣል፣ ሰው ይሰናበታል።

ይህን የምለው ሕግ አይለወጥም ለማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ቶይስ አር አስ የተባለው የአሻንጉሊት መደብር ሲዘጋ 33 ሺህ ሠራተኞች የስንብት ክፍያ ሳያገኙ ወጡ። ዝም አላሉም። ባለቤት የነበሩት ድርጅቶች በር ላይ ቆሙ፣ ምክር ቤት ሄዱ። ከሁለት ባለሀብት ድርጅቶች 20 ሚሊዮን ዶላር የመደጎሚያ ገንዘብ አስወጡ፤ የኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛትም ትልልቅ ቀጣሪዎች በጅምላ ሲቀንሱ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ሳምንት ደሞዝ እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ሕግ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 አወጣ። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በ2023 ነው፤ ለኮሮናዎቹ አልደረሰም። ቢሆንም አለ።

ከገበያ አዳራሹ ወደ ሐዋሳ

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ካልቪን ክላይንንና ቶሚ ሂልፊገርን የያዘው ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከዋናዎቹ መሥራች ደንበኞች አንዱ ነበር። እዚህ ካለነው መካከል እዚያ የሠራችሁ፣ ልጆች አሠልጥናችሁ የላካችሁ አላችሁ።

የውጭ ልብስ መደብር ከፋብሪካ ጋር የሚሠራው እንዴት ነው? በአማርኛችን በዱቤ ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ «ዱቤ የለም» የሚል ወረቀት ሲለጥፍ እንስቅበታለን፤ ግን ከብዙ ፋብሪካዎቻችን ይልቅ እሱ ብልህ ነው። ፋብሪካው ጨርቁን በራሱ ገንዘብ ይገዛል፣ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ ይጭናል፤ ክፍያው የሚመጣው ዕቃው ከተጫነ ከ60 ወይም ከ90 ቀን በኋላ ነው። በውሉ ውስጥ ገዢው ትዕዛዙን እንዲሰርዝ የሚፈቅድ አንቀጽ አለ፤ ፋብሪካው እንዲሰርዝ የሚፈቅድ ግን እምብዛም አይገኝም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መደብሮቹ ሲዘጉ ብዙ ገዢዎች ያንን አንቀጽ መዘዙ። የባንግላዴሽ ፋብሪካ ባለቤቶች ማኅበር ብቻውን የተሰረዘና የታገደ ትዕዛዝ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ መሆኑን አስታወቀ።

ይህ የተፈጥሮ ሕግ አልነበረም። ኤች ኤንድ ኤም የራሱ መደብሮች ተዘግተው እያለ፣ የተሰፋውንና በመሰፋት ላይ ያለውን ዕቃ ተረክቤ እከፍላለሁ ብሎ በዚያው ወር አስታውቋል። ስለዚህ መክፈል ይቻል ነበር። የሚከፍልና የማይከፍል የሚለየው በውሉና በሕዝብ ፊት ባለው ኃፍረት ነው።

ሐዋሳ ያለችው ሰፊስ? እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት መነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ከተመለከቷቸው ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። ልጅቷ አንድ ክፍል ከሦስት ከአራት ጓደኞቿ ጋር ትከራያለች። የሜሪላንዷ ሻጭ ሥራ ባቆመችበት ጸደይ መንግሥቷ ከመደበኛው የሥራ አጥ ድጎማ በላይ በሳምንት 600 ዶላር እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይጨምርላት ነበር። እንግሊዝ ውስጥ መንግሥት የሠራተኛውን ደሞዝ እስከ 80 በመቶ ይሸፍን ነበር። እኛ አገር መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቀጣሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ተከለከለ። መልካም ነው፤ ግን ክልከላው ለቀጣሪው ገንዘብ አልሰጠውም። የሥራ አጥ መድን የሚባል ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ የለንም። ልጅቷ መድኗ ገጠር ያሉት እናትና አባቷ ናቸው። እሷ ለእነሱ ልትልክ መጣች፤ መደብሩ ሲዘጋ እነሱ ለእሷ መላክ ጀመሩ።

ፒቪኤች በዚያው ዓመት በሐምሌ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ያሉትን 162 የቅናሽ መደብሮች እንደሚዘጋ፣ 450 የቢሮ ሠራተኞችም እንደሚቀንስ አስታወቀ። ከአንድ ዓመት ከአራት ወር ያህል በኋላ ደግሞ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ገደማ፣ የአገሪቱን ጦርነት ምክንያት አድርጎ የሐዋሳውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ተናገረ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አጎዋ ተቋረጠብን፤ ከቀረጥ ነፃ ይገባ የነበረው የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ፣ የሰው ሠራሽ ክር ቲሸርት 32 በመቶ ቀረጥ ተጣለበት። ምክንያቶቹ የተለያዩ ናቸው። እዚያ ወረርሽኝ፣ እዚህ ጦርነት። በሁለቱም በኩል ግን ውሳኔው ላይ ድምፅ ያልነበራት፣ ውሳኔው ግን መጀመሪያ የደረሰባት ያቺው ቋሚ ሠራተኛ ናት፤ አንዷ ከመደርደሪያ ፊት፣ አንዷ ከስፌት መኪና ኋላ።

ሕጋችን ምን ይላል?

ይኸውላችሁ፣ የእኛ ሕግ በወረቀት ላይ ከብዙዎቹ የተሻለ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድርጅት በኪሳራም ሆነ በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው ሲዘጋ የስንብት ክፍያ ያዛል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፤ መዘጋቱ ምክንያት ከሆነ በላዩ ላይ የ60 ቀን። ለምሳሌ 4 ዓመት የሠራች ሰፊ 30 እና 30፣ በላዩም 60፣ በድምሩ የ120 ቀን ደሞዝ ይገባታል። በወር 1,500 ብር የምታገኝ ብትሆን 6 ሺህ ብር ነው። በቅነሳ ለሚሰናበት ሠራተኛ የ2 ወር ማስጠንቀቂያም አለ። የሠራተኛ ጥያቄ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ እንዳለውም ተጽፏል።

ችግሩ ምንድነው? ይህ ገንዘብ የትም የለም። አብዛኛው ቀጣሪ በየወሩ አያስቀምጠውም፤ የሚያስበው በሚዘጋበት ቀን ነው። በሚዘጋበት ቀን ደግሞ ማሽኑ ለባንክ ተይዟል፣ ሂሳቡ ባዶ ነው። ባዶ ካዝና ላይ ቅድሚያ ያለው ሰው የሚቀድመው ለመቆም ብቻ ነው። ሠራተኛዋም ቢሆን ይገባኛል የምትለውን መጠን አታውቅም፤ ፈርማ በተሰጣት ወረቀት አውቶቡስ ተሳፍራ ትሄዳለች።

ይህ የትልልቅ ፋብሪካ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ከቱርክና ከቻይና አምጥተው የሚሸጡ የቡቲክ ባለቤቶች ምን እንደገጠማቸው ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በአሮጌው ዋጋ የሸጡት ጫማ በአዲሱ ዋጋ አይተካም። ሽያጩ ትርፍ ይመስላል፤ ካፒታሉ ግን እያለቀ ነው። ቡቲኩ ሲዘጋ ሁለቱ ሻጭ ልጆች ምንም የጽሑፍ ውል የላቸውም። በስታትስቲክስ ውስጥም አይታዩም።

እኛስ?

መገናኘታችን ለፎቶና ለትዝታ ብቻ እንዳይሆን ሦስት ነገር ላቅርብ። ለጠቅላላ ጉባኤው በጽሑፍም አስገብቻለሁ።

አንደኛው ለመምህራኖቻችን ነው። የንግድ፣ የሕግና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ እውነተኛ የልብስ አቅርቦት ውል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲያነቡ ይደረግ። የስረዛው አንቀጽ የት ነው? ዕቃው ተጭኖ ገዢው ቢከስር ማን ይከፍላል? ቅድመ ክፍያ፣ የባንክ ዋስትና፣ የኤክስፖርት መድን ቢጠየቅ ዋጋው ስንት ነው? በፋብሪካ ሥራ አስኪያጅነት የሚቀጠረው የእኛው ተመራቂ ነው። የሚፈርመውን አንብቦ ካልፈረመ የሺህ ሰው ደሞዝ ይዞ ይወድቃል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ስለ ኪሳራና ስለ ድርጅት መልሶ ማቋቋም ብዙ ይናገራል፤ ግን ሐኪም ቤት እንደሚባለው ነው፣ ቶሎ ለመጣ ነው የሚጠቅመው።

ሁለተኛው ቀጣሪ ለሆናችሁ ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቁጥራችሁ ትንሽ አይደለም። የስንብት ክፍያውን በየወሩ ለብቻው በተከፈተ የባንክ ሂሳብ አስቀምጡ። እድር የሚሠራው ሰው ሳይሞት በፊት ስለሚከፈል ነው። ማንም ለቀስተኛ ድንኳን ሲተከል መዋጮ አይጀምርም። ሠራተኛችሁም በዓመት አንድ ጊዜ «ዛሬ ብዘጋ ይህን ያህል ታገኛለሽ» የሚል ወረቀት ይድረሳት። «ይህማ ሠራተኛውን ያስደነግጣል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከሚያስደነግጠው ግን ደብዳቤው ሳይሆን በጠዋት መጥቶ የተቆለፈ በር ማግኘት ነው።

ሦስተኛው ለሕግና ለሂሳብ ምሩቃን ነው። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት ሰዓት። በሐዋሳ፣ በቦሌ ለሚ፣ በመርካቶ አካባቢ ያላችሁ፣ ሥራ ለለቀቀ ሰው ስሌቱን ሠርታችሁ ማመልከቻውን ጻፉለት። የሕጉን መጠን ማስላት ለእኛ የ10 ደቂቃ ሥራ ነው። ለእሷ ግን የሦስት ወር የቤት ኪራይ ነው። ውጭ አገር ያለነው ደግሞ ለትራንስፖርቱና ለወረቀቱ ወጪ እናዋጣለን። ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የመጣን ለመጀመሪያው ዓመት ተስማምተናል፤ መዝገቡ በር ላይ አለ።

ዶርም እያለን ከመርካቶ ቦንዳ የተገዛ ጃኬት ለአራት ተራ በተራ እንለብስ ነበር፤ የፈተና ሰሞን ማን እንደሚለብሰው ወረፋ ነበረን፣ ወረፋውንም እናከብር ነበር። የዛሬው ወረፋ ይበልጥ ከባድ ነው። ከወረፋው ጭራ ያለችውን ወደ ፊት ማምጣት ግን ከዚህ ግቢ ያገኘነው ትምህርት ይበቃዋል።

ጥያቄ ያላችሁ ከሻይ በፊት አሁን ጠይቁ፤ ከሻይ በኋላ ማንም እንደማይመለስ አውቃለሁ።